በአንጎል ጉዳት የሚደርሰውን የነርቭ ክር ጥፋት በቺፕ ላይ ማጥናት፦ ከጥያቄ እስከ ቆጠራ

ጭንቅላት ሲመታ ወይም በኃይል ሲናወጥ አክሶኖች፣ ማለትም የነርቭ ሴሎች መልእክታቸውን የሚልኩባቸው ረጃጅም ክሮች፣ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ይለጠጣሉ። ብዙ ሰው እዚያው ተበጥሰው የሚቀሩ ይመስለዋል። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ እነ ዳግላስ ስሚዝ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ግን በቤተ ሙከራ የበቀሉ አክሶኖች በፍጥነት ተለጥጠው በርዝመታቸው ላይ 65 በመቶ ያህል እስኪጨምሩ ድረስ ወዲያው አልተበጠሱም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከተለጠጡ በኋላ ተጠማዝዘው ቆዩ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ መስመራቸው ተመለሱ።

አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ነው። በተለጠጠው ክር ሽፋን ላይ ያሉ የሶዲየም መተላለፊያዎች ይከፈታሉ፤ ሶዲየም ሲገባ ካልሲየም ይከተላል፤ ካልሲየሙ ካልፔን የተባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ያነቃል። በክሩ ውስጥ ጭነት የሚጓዝባቸው ማይክሮቲዩቡሎችም እዚህም እዚያም ተሰብረዋል። ጭነቱ ስብራቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ይከማቻል፤ ክሩ ያብጣል፤ በመጨረሻም ይለያያል። ሳቢና ስትሪች በ1956 ከባድ የጭንቅላት ጉዳት ደርሶባቸው በኋላ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምራ በነጩ ክፍል የተሰራጨውን የነርቭ ክር መበላሸት ስትገልጽ ያየችው የዚህን ሂደት መጨረሻ ነበር። ቺፕ፣ ማለትም ሴሎች የሚያድጉባቸው ጥቃቅን ክፍሎችና ቦዮች ያሉት ትንሽ የሲሊኮን ዕቃ፣ የሚያስፈልገን መካከሉን ለማየት ነው።

ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የሴል ማሳደግ መሠረታዊ ሥልጠና ላለው፣ ነገር ግን ቺፕ ሠርቶ ለማያውቅ ተመራማሪ ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ የተጻፈ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ ሲሠሩ አንድ ጥያቄ አይለይዎት፦ ነገ በማይክሮስኮፕ የማየው ጥፋት ከጉዳቱ የመጣ ነው ወይስ ከእጄ? ነርቭ ሴል ሆደ ባሻ ነው። በደንብ ያልታጠበ ቺፕ፣ የአየር አረፋ፣ በጉልበት የተገፋ ፒፔት፣ ሁሉም የታመመ የሚመስል አክሶን ይሰጡዎታል።

1. መጀመሪያ የጉዳቱን ዓይነት ይምረጡ

በቺፕ ላይ አክሶንን ለመጉዳት ሦስት የታወቁ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው መቁረጥ ነው፦ አክሶኖቹ ካሉበት ክፍል ፈሳሹን በፓምፕ ሙልጭ አድርጎ በመምጠጥ ወይም በሌዘር። ሁለተኛው መጫን ነው፦ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ2011 እንደቀረበው ቺፕ፣ በአየር ግፊት የሚወርድ የሲሊኮን ቫልቭ ክሩን ይጫነዋል። ሦስተኛው መለጠጥ ነው፦ አክሶኖቹ የተኙበት ስስ ወለል በግፊት ሲነፋ አብረው ይለጠጣሉ።

ጥያቄዎ ከተቆረጠ በኋላ ያለውን መበስበስ ወይም ዳግም ማደግን የሚመለከት ከሆነ መቁረጥ ይበቃዎታል፤ ቀላልም ርካሽም ነው። ጥያቄዎ ግን በመኪና አደጋ፣ በመውደቅ ወይም በስፖርት ሜዳ ግጭት ስለሚደርሰው ጉዳት ከሆነ መለጠጥን የሚተካ የለም። የተቆረጠ አክሶን ጥናት ላይ ተመሥርቶ ስለ ጭንቅላት መናወጥ ድምዳሜ የሚሰጥ ጽሑፍ ሳነብ ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ሁለቱ በመጨረሻ ላይ ቢገናኙም አጀማመራቸው የተለያየ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ወራት በመቁረጫው ቺፕ ሴል ማሳደጉንና ክፍሎቹን መለየቱን ይልመዱ፤ ከዚያ ወደ መለጠጫው ይሻገሩ።

2. ንድፉ

አክሶንን ከሴሉ አካል ለይቶ የማሳደግ ሐሳብ የሮበርት ካምፕኖት ነው፤ በ1977 የቴፍሎን ግድግዳ ተጠቅሞ ክሮቹን በሌላ ክፍል አበቀለ። ዛሬ በየቤተ ሙከራው የምናየው ቅርጽ ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን እነ አን ቴይለርና ኑ ሊ ጆን በ2005 ካቀረቡት የመጣ ነው። ሁለት ክፍሎች ትይዩ ይተኛሉ፤ በመካከላቸው ጥቃቅን ቦዮች ያገናኟቸዋል። ቦዮቹ 10 ማይክሮሜትር ስፋት፣ 3 ማይክሮሜትር ከፍታና 450 ማይክሮሜትር ርዝመት አላቸው። ክፍሎቹ ወደ 100 ማይክሮሜትር ከፍታ ሲኖራቸው ጫፋቸው ላይ ፈሳሽ የሚይዙ ክብ ጉድጓዶች አሉ።

እነዚህ ቁጥሮች የዘፈቀደ አይደሉም። 3 ማይክሮሜትሩ የሴሉ አካል እንዳያልፍ ይከለክላል። 450ው ደግሞ ዴንድራይቶችን፣ ማለትም መልእክት ተቀባዮቹን አጫጭር ቅርንጫፎች፣ መንገድ ላይ ያስቀራቸዋል፤ ቦዩን ካሳጠሩት እነሱም ተሻግረው ንጹሕ የአክሶን ክፍል ነው ያሉትን ይበክሉታል። ሴሎቹን ለረጅም ሳምንታት ማቆየት ከፈለጉ የቦዩን ርዝመት እጥፍ ያድርጉት።

ለመለጠጫ ቺፕ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋል። በአክሶኑ ክፍል ሥር ያለው ወለል ስስ የሲሊኮን ሽፋን ይሆናል፤ ከሽፋኑ በታች ከአየር ቧንቧ ጋር የተገናኘ ጠባብ ባዶ ቦታ ይቀመጣል። ባዶው ቦታ ረጅምና ጠባብ ይሁን፤ ርዝመቱም ከቦዮቹ አቅጣጫ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ የተጋደመ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ሽፋኑ ሲነፋ የሚለጠጠው በስፋቱ አቅጣጫ ነው፤ ከቦዮቹ የሚወጡት አክሶኖችም በዚያው አቅጣጫ ተኝተዋል። ክብ ባዶ ቦታ ከሠሩ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚለጥጥ እያንዳንዱ አክሶን የተቀበለውን መጠን ማወቅ ያስቸግርዎታል።

በዚያው ሉህ ላይ ከሥሩ ባዶ ቦታ የሌለው ሁለተኛ ቺፕ ጎን ለጎን ይንደፉ። ይህ ማነጻጸሪያዎ ነው፤ ያው ሲሊኮን፣ ያው ሴል፣ ያው ማሳደጊያ ፈሳሽ፣ ያው መንቀሳቀስ፣ መለጠጡ ብቻ የሌለው።

3. ቅርጽ ማውጫውና ሲሊኮኑ

ቅርጽ ማውጫው በሲሊከን ዝርግ ላይ ኤስዩ 8 በተባለ ብርሃን ሲያርፍበት በሚጠነክር ሙጫ ይሠራል፤ መጀመሪያ 3 ማይክሮሜትር ንብርብር ለቦዮቹ፣ በላዩ 100 ማይክሮሜትር ለክፍሎቹ። ይህ ከአቧራ የጸዳ ክፍልና የብርሃን ማተሚያ መሣሪያ ይጠይቃል። እነዚህ ከሌሉዎት አይጨነቁ፤ ንድፉን በኮምፒውተር ሠርተው ለሚያመርት ተቋም መላክ ይቻላል። አንድ ቅርጽ ማውጫ በጥንቃቄ ከተያዘ ለብዙ ዙር ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በተራ ቤተ ሙከራ ይከናወናል። ቅርጽ ማውጫውን ከመጠቀምዎ በፊት ሲሊኮኑ እንዳይጣበቅበት በሲሌን ትነት ያክሙት፤ ትነቱ አደገኛ ስለሆነ አየር በሚመጥ ካቢኔ ውስጥ ብቻ ይሥሩ።

ሲሊኮኑ ፒዲኤምኤስ ይባላል፤ ሲልጋርድ 184 የተለመደው ዓይነት ነው። መሠረቱንና ማጠንከሪያውን በክብደት 10 ለ 1 ይቀላቅሉ፤ አጥብቀው ያማስሉ፤ በቫክዩም ዕቃ ውስጥ አረፋው እስኪጠፋ ያቆዩት። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ከሆኑ የቫክዩም መለኪያው የባሕር ዳርቻ ቤተ ሙከራዎች የሚጽፉትን ቁጥር አያሳይዎትም፤ ፓምፑ ደክሞ ሳይሆን ከውጭ ያለው አየር ራሱ ስለሳሳ ነው። ቅርጽ ማውጫው ላይ ያፍስሱ፤ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ያጠንክሩ። ሁለት ሰዓት ይበቃል ይባላል፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ እንዲያድር እመርጣለሁ። ሳይጠነክሩ የቀሩ ትንንሽ ሞለኪውሎች ወደ ማሳደጊያው ፈሳሽ እየወጡ ነርቭ ሴሎችን ስለሚጎዱ ቺፑን ከላጡ በኋላ በኢታኖል ዘፍዝፈው፣ በተጣራ ውኃ አጥበው፣ እንደገና ማድረቅ ተገቢ ነው።

ጉድጓዶቹን በተሳለ መብሻ ይብሱ። አቧራውን በሚያጣብቅ ፕላስተር ያንሡ። ለመቁረጫ ቺፕ ከስስ መስታወት ጋር መገጣጠሙ ሳይለጠፍ በመጫን ብቻም ይሆናል፤ መለጠጫው ግን የግድ በኦክስጅን ፕላዝማ (ገጹ እንዲጣበቅ በሚያደርግ፣ በኤሌክትሪክ በተሞላ ጋዝ) መጣበቅ አለበት፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው የግፊት ምት ይነቅለዋል።

4. ሴል ከመዝራትዎ በፊት ጉዳቱን ይለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ደረጃ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። የጉዳት መጠን ሁለት ነገሮችን ይይዛል፦ አክሶኑ ምን ያህል ተለጠጠ፣ በምን ያህል ፍጥነት ተለጠጠ። ሊጥን ቀስ ብለው ቢስቡት ይረዝማል፣ ድንገት ቢነጥቁት ይበጠሳል፤ አክሶንም እንዲሁ ነው። በእድገት ጊዜ ሰውነት ሲያድግ አክሶኖች ቀስ በቀስ ብዙ ሴንቲሜትር ይለጠጣሉ፤ አንዳችም አይሆኑም። በአደጋ ጊዜ ግን ያነሰ መለጠጥ በሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ሲደርስ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ «20 በመቶ ለጠጥን» ብቻ ብሎ ፍጥነቱን የማይጠቅስ ዘገባ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው።

አለካኩ ይህን ይመስላል። ባዶውን ቺፕ ወስደው በስሱ ሽፋን ላይ የሚያበሩ ጥቃቅን የፕላስቲክ ዶቃዎች ያጣብቁ። የአየር ምንጩን በግፊት መቆጣጠሪያና በኤሌክትሪክ በሚከፈት ቫልቭ በኩል ያገናኙ። ቫልቩ ለጥቂት አስርት ሚሊሰከንዶች እንዲከፈት ያዙት፤ ሽፋኑ ሲነሣና ሲወርድ በፈጣን ካሜራ ይቅረጹ። በሁለት ዶቃዎች መካከል የነበረው ርቀት በጫፉ ላይ፣ ማለትም ሽፋኑ እጅግ በተነሣ ጊዜ፣ ምን ያህል እንደጨመረ ለመጀመሪያው ርቀት ሲያካፍሉ የመለጠጡን መጠን ያገኛሉ። ያንን ወደ ጫፍ ለመድረስ ለፈጀው ጊዜ ሲያካፍሉ ፍጥነቱን ያገኛሉ። 20 በመቶ በ20 ሚሊሰከንድ ማለት በሰከንድ 10 ነው፤ ለጭንቅላት አደጋ በተለምዶ የሚወሰደው ክልል ከ10 እስከ 50 በሰከንድ ነው።

ሽፋኑ ሲነሣ ዶቃዎቹ ከማይክሮስኮፑ ትኩረት ይወጣሉ፤ ይህ ያስቸግራል። ያን ጊዜ በሌላ መንገድ ይሂዱ፦ ሽፋኑ መሀሉ ላይ የተነሣበትን ከፍታ ይለኩ። ከፍታውን ለባዶው ቦታ ስፋት ያካፍሉ፤ ውጤቱን በራሱ ያባዙት፤ ከዚያ በ8 አባዝተው ለ3 ያካፍሉት። ስፋቱ 1,000 ማይክሮሜትር፣ የተነሣበት ከፍታ 200 ማይክሮሜትር ቢሆን 10.7 በመቶ ገደማ ይመጣል። ቅርጹ ዝቅ ያለ ቅስት እስከሆነ ድረስ ግምቱ በቂ ነው። በጠርዞቹ ላይ ሽፋኑ ስለሚታጠፍ መጠኑ ከመሀሉ ይለያል፤ ጠርዝ ላይ ያሉ አክሶኖችን ከቆጠራ ያውጡ።

መነሻ የሚሆን የመጠን ሰንጠረዥ ሲያዘጋጁ ቤይንና ሚኒ በ2000 በሕያው የጊኒ አሳማ የዓይን ነርቭ ላይ ያገኙትን ያስታውሱ፦ የነርቩ ሥራ የሚታወከው ወደ 18 በመቶ፣ ቅርጹ የሚበላሸው ደግሞ ወደ 21 በመቶ ሲለጠጥ ነው። ስለዚህ 5፣ 10፣ 20 እና 30 በመቶ የሚሰጡ አራት የግፊት መጠኖችን ፈልጎ ማግኘት ጥሩ ጅምር ነው። እያንዳንዱን ግፊት በተለያዩ ቺፖች ላይ ይሞክሩ፤ የሽፋኑ ውፍረት በጥቂቱ እንኳ ቢለያይ ያው ግፊት ሌላ መጠን ይሰጣል። ከአዲስ የሲሊኮን ዙር ሁሉ አንድ ቺፕ ለልኬት ብቻ መሥዋዕት ያድርጉ።

በመጨረሻም የሽፋኑ መለጠጥና የአክሶኑ መለጠጥ አንድ አይደሉም። ተጠማዝዞ የበቀለ ክር መጀመሪያ ይቃናል፣ ከዚያ ነው የሚለጠጠው፤ በደንብ ያልተጣበቀ ክር ደግሞ ይንሸራተታል። ሴሎቹ ካደጉ በኋላ በክሩ ላይ ያሉ ጎላ ያሉ ነጥቦችን ተከትለው ጥቂት አክሶኖችን በቀጥታ ይለኩ።

5. ቺፑን መቀባትና ሴል መዝራት

ከፕላዝማው እንደወጣ የሲሊኮኑ ገጽ ውኃ ይቀበላል፤ ሰዓታት ሲያልፉ ግን እንደገና ውኃ ይገፋል። ስለዚህ ወዲያው ሴሎች ገጹ ላይ እንዲጣበቁ በሚያደርገው በፖሊ ዲ ላይሲን ይሙሉት። በአንድ ሚሊሊትር 0.1 ሚሊግራም የሆነውን ከአንዱ ጉድጓድ ብቻ ይጨምሩ፤ ፈሳሹ ቦዮቹን አልፎ አየሩን በሌላው በኩል እንዲገፋ ይጠብቁት። በሁለቱም በኩል በአንድ ጊዜ ከሞሉ አረፋው መሀል ይቀራል። አረፋ ያለበት ቦይ የሞተ ቦይ ነው። ሌሊቱን ካደረ በኋላ ደጋግመው ይጠቡ፤ ያልተጣበቀ ፖሊ ላይሲን ለሴሎች መርዝ ነው። ላሚኒን መጨመር አክሶኖቹ በፍጥነት እንዲሻገሩ ይረዳል፤ በመለጠጫው ቺፕ ላይ ደግሞ ክሩ እንዳይንሸራተት ስለሚይዝ ባይዘሉት ይሻላል።

የተለመደው የሴል ምንጭ የ18 ቀን የአይጥ ፅንስ የአንጎል ቅርፊት ነው። ይህ የእንስሳት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ይያዙ። ከሰው ቆዳ ወይም ደም ተመልሰው ከተሠሩ ግንድ ሴሎች የሚወጡ ነርቭ ሴሎችም አሉ፤ የሰውን ነገር ለማጥናት ይመረጣሉ፣ ለመብሰል ግን ብዙ ሳምንታት ይወስዳሉ።

ሴሎቹን በአንድ ሚሊሊትር ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን እስኪሆኑ ያጥግቧቸው። በሴሉ ክፍል አፍ ላይ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሊትር ቀስ ብለው ያስገቡ፤ በኢንኩቤተር ውስጥ 10 ወይም 15 ደቂቃ እስኪጣበቁ ይታገሡ፤ ከዚያ ኒውሮቤዛልና ቢ27 የያዘውን ማሳደጊያ ፈሳሽ ጉድጓዶቹ ውስጥ ይሙሉ። ፈሳሹን በየሦስት ቀኑ ግማሹን ብቻ ይለውጡ። በቺፕ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ትነት ዋነኛ ጠላት ነው፤ ቺፖቹን እርጥብ ወረቀት ባለበት የተከደነ ሳህን ውስጥ ያስቀምጡ።

እዚህ ላይ በደጋማ ከተማ ለሚሠሩ የሚጠቅም፣ በውጭ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ የማይጠቀስ ጉዳይ አለ። አብዛኛው መመሪያ ኢንኩቤተሩን 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ያድርጉ ይላል። የማሳደጊያውን ፈሳሽ አሲድነት የሚወስነው ግን የጋዙ መቶኛ ሳይሆን ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 5 በመቶ የሚለው እዚህ የሚሰጠው በባሕር ዳርቻ 3.8 በመቶ የሚሰጠውን ያህል ብቻ ነው፤ ፒኤቹም በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ነርቭ ሴል ይህን ያህል ለውጥ ይሰማዋል፤ የኤሌክትሪክ ምልክት የመላክ ጸባዩ ይቀየራል። ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ማድረግ ያስተካክለዋል፤ የእያንዳንዱ ኢንኩቤተር መለኪያ ለከፍታ የሚሰጠው ምላሽ ስለሚለያይ ግን ማሳያውን ሳይሆን ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ ያደረውን ፈሳሽ ፒኤች ለክተው ይወስኑ። የመብራት መቋረጥም የታወቀ ነው፤ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለ በሙከራው መሀል ለሁለት ሰዓት የቀዘቀዘ ቺፕ ውጤቱ ቢያምርም ከቆጠራ ይውጣ።

አክሶኖቹ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቦዮቹ ውስጥ ይገባሉ፤ በሳምንት ገደማ ይሻገራሉ። ጉዳቱን ግን ቢያንስ እስከ አሥረኛው ቀን ያዘግዩት። ገና በማደግ ላይ ያለ ወጣት አክሶን ጉዳትን የሚቋቋምበት መንገድ ከበሰለው የተለየ ነው።

6. ክፍሎቹ መለያየታቸውን ማረጋገጥ

የዚህ ቺፕ ትልቁ ጥቅም መድኃኒትን ለአክሶኑ ብቻ ወይም ለሴሉ አካል ብቻ መስጠት መቻሉ ነው። ምስጢሩ የፈሳሽ ከፍታ ልዩነት ነው። መድኃኒቱ ያለበትን ወገን ከሌላው በ50 ማይክሮሊትር ያህል ዝቅ ያድርጉት፤ በቦዮቹ ውስጥ ያለው ቀስ ያለ ፍሰት ከመድኃኒት አልባው ወገን ወደ መድኃኒቱ ስለሚሆን መድኃኒቱ ወደ ኋላ አይመለስም። ይህ በየጊዜው ከፍታውን ማስተካከል ይጠይቃል። በሚያበራ ቀለም በአንድ ቺፕ ላይ ሞክረው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይወቁ፤ ይህን ሳያዩ «አክሶኑን ብቻ አከምን» አይበሉ።

7. የጉዳቱ ቀን

መጀመሪያ ጤናማውን አክሶን ፎቶ ያንሡ፤ ተመሳሳዩን ቦታ ደግመው እንዲያገኙ በንድፉ ላይ ቁጥሮች ቢኖሩ ይረዳል። ካልሲየምን ለማየት ፍሉኦ 4 የተባለውን ቀለም ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምሩና ይጠቡ። ቺፑን ከቧንቧው ጋር ያገናኙ፤ ማይክሮስኮፑ በ37 ዲግሪ መሞቁን ያረጋግጡ። አንድ ምት ብቻ ይስጡ።

ወዲያው የሚያዩት መጠማዘዝ ነው። ክሮቹ ወደ ቀድሞ ርዝመታቸው መመለስ ስላቃታቸው ይወዛወዛሉ፤ አብዛኞቹ በሰዓት ገደማ ውስጥ ይቃናሉ። ይህን መቃናት እንደ መዳን አይውሰዱት። ካልሲየሙ በሰከንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ይላል። ማበጡ በሚቀጥሉት ሰዓታት ይመጣል፤ ስለዚህ በ1፣ በ3፣ በ6፣ በ24 እና በ48 ሰዓት ይመልከቱ።

ቺፕዎ በትክክል መሥራቱን የሚነግርዎት ጥሩ ፈተና አለ። በ2001 በፔንሲልቬኒያ የታየው፣ ቴትሮዶቶክሲን የሶዲየም መተላለፊያዎችን ሲዘጋ በተለጠጡ አክሶኖች ውስጥ የካልሲየሙ ጭማሪ እንደሚቀንስ ነው። በእርስዎ ቺፕ ይህ ካልታየ ጉዳቱ መለጠጥ ሳይሆን መቀደድ ሊሆን ይችላል፤ የአክሶኑ ሽፋን ከተቀደደ ካልሲየም ለመግባት መተላለፊያ አይጠብቅም። ግፊቱን ቀንሰው እንደገና ይሞክሩ። ቴትሮዶቶክሲን ለሰው ገዳይ መርዝ ነው፤ በጓንት፣ በተቆለፈ ማከማቻና በመዝገብ ብቻ።

በመቁረጫ ቺፕ ከሆነ የአክሶኑን ክፍል ፈሳሽ በቫክዩም ፒፔት መጥጠው ያድርቁ፣ በሙቅ ማሳደጊያ ፈሳሽ ይሙሉ፣ ክሮቹ መቆረጣቸውን እስኪያዩ ይድገሙ። የተቆረጠው ወገን ለሰዓታት ምንም ያልሆነ ይመስላል፤ ከዚያ በድንገት ይሰባበራል። አውግስጦስ ዎለር ይህን መበስበስ በእንቁራሪት ነርቭ ላይ የገለጸው በ1850 ነበር፤ ሳርም 1 የተባለው ፕሮቲን ከውስጥ ሆኖ እንደሚያስፈጽመው የታወቀው ግን ገና በ2012 ነው። ሳርም 1 ኤንኤዲ የተባለውን የኃይል ሞለኪውል ይፈጃል፤ ፕሮቲኑ የሌላቸው አክሶኖች ከተቆረጡ በኋላ ለቀናት ይቆማሉ። ስለዚህ ከሳርም 1 ነጻ የሆኑ ሴሎችን ማግኘት ከቻሉ ሞት አልባ ማነጻጸሪያ አገኙ ማለት ነው።

8. መቁጠር

የተለመደው ልኬት የመበስበስ ልክ ነው፦ በፎቶው ላይ የተሰባበሩ የአክሶን ቁርጥራጮች የያዙትን ስፋት ለአጠቃላዩ የአክሶን ስፋት ማካፈል። ኢሜጅጄ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ይሠራል። ለቁርጥራጭ የሚሰጡትን የመጠንና የክብነት ወሰን አንድ ጊዜ ወስነው ለሁሉም ፎቶ ያንኑ ይጠቀሙ። ፎቶዎቹን የሚቆጥረው ሰው የትኛው የተጎዳ፣ የትኛው ማነጻጸሪያ እንደሆነ ማወቅ የለበትም።

የመበስበስ ልክ ግን ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚናገረው። ቀደም ብሎ የሚናገረው የጭነቱ ጉዞ ነው። ማይቶኮንድሪያን በሚያበራ ቀለም ቀብተው በየሁለት ሰከንዱ ፎቶ እያነሡ ጉዞውን ይከተሉ፤ ስንቱ እንደቆመ፣ ወደየት እንደሚሄድ ይቁጠሩ። በፕሮቲን ደረጃ ደግሞ የአሚሎይድ መነሻ ፕሮቲን ክምችት ይታያል፤ በአስከሬን ምርመራ የአክሶን ጉዳትን ለመለየት የሚጠቀሙበትም ይኸው ነው። ስፔክትሪን የተባለው የአክሶኑን ሽፋን ከውስጥ የሚደግፍ ፕሮቲን በካልፔን ሲቆረጥ የሚተወው ቁርጥራጭ ሌላው ምልክት ነው። ከአክሶኑ ክፍል የሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ኒውሮፊላመንት ላይት የተባለውን የአክሶን ፕሮቲን መለካት ይቻላል፤ ሐኪሞች ያንኑ በደም ውስጥ ስለሚለኩት ከሕመምተኛ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ይሆናል። የነርቭ ሴልን ክሮች ሁሉ የሚያሳየውን ቤታ 3 ቱቡሊንንና በዴንድራይት የሚገኘውን ማፕ 2ን አብረው ይቅቡ፤ ማፕ 2 በአክሶኑ ወገን ከታየ ዴንድራይት ተሻግሯል።

ስለ ስታቲስቲክስ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። በአንድ ቺፕ ውስጥ 300 አክሶን ቆጥረው ናሙናዬ 300 ነው አይበሉ። እነዚያ ክሮች ያንኑ ፈሳሽ፣ ያንኑ ምት፣ ያንኑ እናት አይጥ ተጋርተዋል። ናሙናዎ የተለያዩ የሴል ዝግጅቶች ብዛት ነው፤ ቺፖቹ በዚያ ውስጥ ድግግሞሽ ናቸው።

9. መድኃኒት ሲጨምሩ

ፒዲኤምኤስ ውኃ የማይወዱ ትንንሽ ሞለኪውሎችን ይመጥጣል። ብዙ የአንጎል መድኃኒቶች እንዲህ ዓይነት ናቸው። በፒፔት ያስገቡት መጠንና አክሶኑ የሚያገኘው መጠን ሊራራቁ ይችላሉ፤ «አይሠራም» ብለው የጣሉት መድኃኒት ግድግዳው ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ፈሳሹን ቀድተው መጠኑን ያስለኩ፤ ካልተቻለ ቢያንስ ቺፑን ቀድመው በመድኃኒቱ ያጥግቡት።

መድኃኒቱን ከምቱ በፊት መስጠት የሥራ መንገዱን ያሳያል፤ ለሕክምና ግን ትርጉም የለውም፣ አደጋ የሚደርስበት ሰው ቀድሞ አይታከምምና። በአገራችን ሆስፒታሎች የጭንቅላት ጉዳት የሚያደርሱት በዋናነት የመኪና አደጋና ድብደባ ናቸው፤ ተጎጂው ከገጠር ተነሥቶ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ሰዓታት ያልፋሉ። ስለዚህ ከምቱ በ1፣ በ3 እና በ6 ሰዓት በኋላ የሚሰጡ ቡድኖችን ከመጀመሪያው ያካትቱ።

ቺፑ የማይሰጥዎትን ደግሞ በሪፖርትዎ በግልጽ ያስፍሩ። በዚህ ቅርጽ ውስጥ የደም ሥር የለም፣ የበሽታ ተከላካይ ሴሎች የሉም፣ አክሶኖቹም ያለ ማየሊን ሽፋን ራቁታቸውን ናቸው። ማየሊንን የሚሠሩትን ሴሎች፣ ኦሊጎደንድሮሳይቶችን፣ በአክሶኑ ክፍል መዝራት ይቻላል፤ ሥራውን ያወሳስበዋል፣ ነገር ግን ስለ ነጩ የአንጎል ክፍል የሚጠይቅ ሰው ዘግይቶም ቢሆን እዚያ መድረሱ አይቀርም። በአሜሪካ ታኅሣሥ 29 ቀን 2022 የጸደቀው ሕግ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ሙከራ ከመግባቱ በፊት የግድ በእንስሳ ላይ ይሞከር የሚለውን ግዴታ አንሥቶ እንደ ቺፕ ያሉ ዘዴዎችን በማስረጃነት ፈቅዷል። ያ ማለት የልኬት መዝገብዎ፣ የእያንዳንዱ ቺፕ ግፊት፣ የመለጠጥ መጠንና ፍጥነት፣ የተጣሉት ቺፖችና የተጣሉበት ምክንያት ጭምር፣ ሌላ ሰው ሊጠይቅዎ የሚችል ሰነድ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያ ልክ ይያዙት።